ቀናውን ዓረፍተ ነገር ስለ መምረጥ

በባሌ ደጋ የመከር ወራት ሲደርስ ገበሬው ገብሱን አጭዶ ይከምራል፤ ከዚያም በአውድማ ላይ በበሬ እያስረገጠ ይወቃዋል። ነፋስ በተነሣ ጊዜ እህሉን በመንሽ ወደ ላይ ይበትነዋል። ፍሬው ክብደት ስላለው ከእግሩ ሥር ይወድቃል፤ እብቁ ግን ቀላል ነውና ነፋስ ይወስደዋል። ፍሬና እብቅ ባንድ አውድማ ላይ ተደባልቀው ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ የሚለዩት በተፈተኑ ጊዜ ነው። ይህን ሥራ በችኮላ የሚሠራ ገበሬ እብቁን ከፍሬው ጋራ ወደ ጎተራው ያስገባል፤ ስሕተቱንም የሚያውቀው ቂጣው ተጋግሮ በቀረበለት ጊዜ ነው።

ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በእነዚህ በሁለቱ ከተሞችና በዙሪያቸው ባሉት መንደሮች የሚማሩ ልጆችም የገበሬውን የመሰለ ሥራ አላቸው። በፈተና ቀን ሀ፥ ለ፥ ሐ፥ መ የሚል ፊደል የተጻፈባቸው አራት ዓረፍተ ነገሮች ይቀርቡላቸዋል፤ ትእዛዙም «ከአራቱ የሚሻለውን ምረጥ» የሚል ነው። አራቱም ባንድ ቀለም የታተሙና ባንድ ልክ የተሰለፉ ናቸው። ሆኖም አንዱ ፍሬ፥ ሦስቱ እብቅ ናቸው። ልጁ ፍሬውን በምን ይለየዋል?

እንዲህ ያለው ጥያቄ በጥንቱ ትምህርት ቤት አልነበረም። በቀድሞው ዘመን ተማሪው በመምህሩ ፊት ሆኖ በቃሉ ይመልስ ነበር፤ በተሳሳተም ጊዜ መምህሩ ወዲያው ያርመው ነበር። መልሶችን አስቀድሞ ጽፎ አንዱን ማስመረጥ የተጀመረው ፍሬድሪክ ኬሊ የተባለ አሜሪካዊ መምህር በካንሳስ በ1915 እ.ኤ.አ. ገደማ ለንባብ ፈተና ካዘጋጀው ወዲህ ነው። ብዙ ተማሪዎችን ባንድ ጊዜ ለመፈተን የሚመች ስለ ሆነ ከአገር ወደ አገር ተሻገረ። በኢትዮጵያም በስምንተኛና በዐሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሻ በሚሰጡት ፈተናዎች ተማሪው የመረጠውን ፊደል በእርሳስ እያጠቆረ ሲያመለክት ብዙ ዘመን ኖሯል።

የጥያቄው መልክ አዲስ ቢሆንም የሚፈልገው ዕውቀት ግን የቈየ ነው፤ ይኸውም ሰዋስው ነው። ሰዋስው በግእዝ መሰላል ማለት ነው። ወደ ጣራ መውጣት የሚፈልግ ሰው ከመሬት ዘሎ አይደርስም፤ ከእርከን ወደ እርከን እየረገጠ ይወጣል። ዓረፍተ ነገርን የሚመረምር ተማሪም እንዲሁ ነው። ጀርመናዊው ኢዮብ ሉዶልፍ ከኢትዮጵያዊው ከአባ ጎርጎርዮስ ተምሮ በ1698 እ.ኤ.አ. የአማርኛን ሰዋስው በላቲን ቋንቋ አሳተመ። ከኢትዮጵያውያን ሊቃውንትም ብላቴን ጌታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1948 ዓ.ም. የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ አሳትመዋል። እንደ እነዚህ ያሉ ሰዎች የደከሙት ሰው የሚናገረውን ነገር ምክንያቱን ዐውቆ እንዲናገር ነው።

የመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን ባለቤቱንና ማሰሪያ አንቀጹን ማገናኘት ነው። ነዶ በገመድ እንደሚታሰር የአማርኛ ዓረፍተ ነገርም በመጨረሻው ላይ በሚቆመው አንቀጽ ይታሰራል። ባለቤቱ አንድ ሲሆን ማሰሪያው ነጠላ፥ ብዙ ሲሆን ብዙ፥ ወንድ ሲሆን የወንድ፥ ሴት ሲሆን የሴት መሆን ይገባዋል። አንድ ልጅ «የልጆቹ ውሻ ሌሊቱን ሲጮኹ ዐደሩ» ብሎ ቢጽፍ ጆሮ ቶሎ ስሕተቱን አይሰማውም፤ «ልጆቹ» የሚለው ቃል ያታልለዋልና። ነገር ግን «የጮኸው ማን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ «ውሻው» ነው። ውሻው አንድ ነው፤ ስለዚህ «የልጆቹ ውሻ ሌሊቱን ሲጮኽ ዐደረ» ማለት ይገባል። አክብሮትም በዚህ እርከን ላይ ይመረመራል። «አባቴ ከገበያ መጡና በመደቡ ላይ ተቀመጠ» የሚል ልጅ አባቱን ባንድ ትንፋሽ አክብሮ ወዲያው አቃለለ። በአክብሮት የጀመረ በአክብሮት መጨረስ አለበት።

ሁለተኛው እርከን ተሳቢውን መለየት ነው። «ውሻው ቀበሮውን አባረረው» እና «ውሻውን ቀበሮው አባረረው» በሚሉት ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ያሉት ቃላት አንድ ናቸው። ነገር ግን «ን» የምትባለው አንዲት ፊደል ከቀበሮው ወደ ውሻው ስለ ተዛወረች አሳዳጁ ተሳዳጅ ሆነ። እንዲሁም «ጥቁሩን ፈረስ ገዛ» ማለት የተገዛው ፈረስ ጥቁር ነው ማለት ነው፤ «ጥቁሩ ፈረሱን ገዛ» ቢባል ግን ጥቁር የተባለው ፈረሱ ሳይሆን ገዢው ይሆናል።

በባሌ ብዙ ልጆች አፋቸውን የፈቱት በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛን የሚማሩት በትምህርት ቤት ነው። ኦሮምኛም እንደ አማርኛ ማሰሪያውን በመጨረሻ ያደርጋል፤ በተሳቢው ነገር ግን ሁለቱ ቋንቋዎች ይለያያሉ። በኦሮምኛ «ሰውዬው» ለማለት ተሳቢ ሲሆን «ነሚቻ»፥ ባለቤት ሲሆን «ነሚቺ» ይባላል፤ መልኩን የሚለውጠው ባለቤቱ ነው። በአማርኛ ግን ባለቤቱ እንዳለ ይቆማል፤ ምልክት የሚጨመርበት ተሳቢው ነው። ስለዚህ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የሚሻገር ልጅ «ን»ን ቢረሳ ሰነፍ ነው ተብሎ አይነቀፍም፤ ሁለት ሥርዐት በልቡ ስለ ያዘ ነው። ሁለቱን ለይቶ ባወቀ ጊዜ ግን አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቀው ባልንጀራው ይልቅ የሁለቱን ምክንያት አጥርቶ ያያል።

ሦስተኛው እርከን ቍጥር ነው። «መጽሐፍ» ሲበዛ «መጻሕፍት»፥ «ቃል» ሲበዛ «ቃላት»፥ «መምህር» ሲበዛ «መምህራን» ይሆናል። በእነዚህ ላይ «ኦች» ጨምሮ «መጻሕፍቶች»፥ «ቃላቶች»፥ «መምህራኖች» ማለት በተጫነ ፈረስ ላይ ሁለተኛ ኮርቻ እንደ መጫን ነው። ፈረሱ አንድ ነውና አንድ ኮርቻ ይበቃዋል። «መጽሐፎች» ማለት ግን ስሕተት አይደለም፤ ብዛቱ አንድ ጊዜ ብቻ ተነግሯልና።

አራተኛው እርከን ጊዜና አሉታ ነው። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በመስከረም 2016 ዓ.ም. ደግሞ በዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። እንግዲህ «ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስ መዝገብ ይጻፋል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢቀርብ ዘመኑ ያለፈ፥ አንቀጹ የሚመጣ ስለ ሆነ ሁለቱ አይስማሙም። ስለ አሉታም «አላጠናም» ሲባል ነገሩ ታስሯል፤ «ም» መዝጊያው ናት። ነገሩ ገና ሳይዘጋ «ያላጠናም ልጅ ፈተናውን አላለፈም» ማለት በሩን ዘግቶ በበሩ ለመግባት እንደ መሞከር ነው። ስለዚህ «ያላጠና ልጅ ፈተናውን አላለፈም» ይባላል።

ዐምስተኛውና የመጨረሻው እርከን ትርጕም ነው። ዓረፍተ ነገር ማለት የነገር ማረፊያ ማለት ነው፤ አንባቢው እዚያ ሲደርስ አሳቡ ሊያርፍ ይገባል። አንባቢው «ይህ ምን ማለት ይሆን?» እያለ የሚጨነቅ ከሆነ ዓረፍተ ነገሩ ማረፊያ አልሆነም። «ልጁ እያለቀሰ የሄደውን ወንድሙን ጠራው» ቢባል ያለቀሰው ማን ነው? ልጁም ሊሆን ይችላል፥ ወንድሙም ሊሆን ይችላል። ያለቀሰው ጠሪው ከሆነ «ልጁ የሄደውን ወንድሙን እያለቀሰ ጠራው» ይበል፤ ያለቀሰው ተጠሪው ከሆነ «እያለቀሰ የሄደውን ወንድሙን ልጁ ጠራው» ይበል። «በሬው ዛሬ ይበላል» የሚለውም ሲነበብ ሁለት መንገድ አለው፤ ላልቶ ቢነበብ በሬው በላተኛ ነው፥ ጠብቆ ቢነበብ በሬው ሥጋ ነው። «በሬው ዛሬ ሣር ይበላል» የተባለ እንደ ሆነ ግን ማንም አይሳሳትም።

ሁለት ነገር በሚነጻጸርበት ጊዜ ደግሞ ትርጕሙን አጥብቆ መመርመር ያሻል። ጎባ ከሮቤ ከፍ ባለ ስፍራ ላይ ስለምትገኝ ትበርዳለች። ይህን ለመናገር «የጎባ አየር ከሮቤ ይቀዘቅዛል» የሚል ሰው አየርን ከከተማ ጋራ አነጻጸረ፤ «የጎባ አየር ከሮቤ አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል» ማለት ይሻላል። እንዲሁም በባሌ ተራሮች መካከል ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ነው፤ ስሙም በኦሮምኛ ቀይ ተራራ ማለት ነው። «ቱሉ ዲምቱ ከባሌ ተራሮች ሁሉ ይረዝማል» ቢባል ቱሉ ዲምቱ ራሱ ከባሌ ተራሮች አንዱ ስለ ሆነ ከራሱም ይረዝማል የተባለ ይመስላል። ማንም ከራሱ አይረዝምምና «ከሌሎቹ የባሌ ተራሮች ሁሉ ይረዝማል» ማለት የጠራ ነው።

አሁን መሰላሉ ተተክሏልና በአንድ ጥያቄ ላይ ይሞከር። በሳነቴ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ ይኖራል፤ ምግቡም በብዛት ከመሬት በታች ጕድጓድ የሚምስ ፍልፈል ነው። ስለዚሁ አራት ዓረፍተ ነገሮች ቀርበዋል።

ሀ. ቀይ ቀበሮዎች በሳነቴ ሜዳ ላይ ፍልፈልን ይበላል።
ለ. ቀይ ቀበሮዎችን በሳነቴ ሜዳ ላይ ፍልፈል ይበላቸዋል።
ሐ. ቀይ ቀበሮዎች ትናንት በሳነቴ ሜዳ ላይ ፍልፈልን ይበላሉ።
መ. ቀይ ቀበሮዎች በሳነቴ ሜዳ ላይ ፍልፈልን ይበላሉ።

«ሀ» በመጀመሪያው እርከን ላይ ይወድቃል፤ ባለቤቱ ብዙ ሲሆን ማሰሪያው ነጠላ ነውና። «ሐ» በአራተኛው እርከን ላይ ይወድቃል፤ «ትናንት» ያለፈ ሲሆን «ይበላሉ» ያለፈ አይደለምና። የቀሩት «ለ» እና «መ» ናቸው። «ለ» ባለቤትም፥ ተሳቢም፥ ማሰሪያም አለው፤ ሁሉም በየቦታው ተሰክቷል። ይሁን እንጂ ትንሹ ፍልፈል ቀበሮዎችን እየያዘ ይበላል የሚል ነው። ሰዋስው አልፈረሰም፤ እውነት ግን ፈረሰ። ስለዚህ መልሱ «መ» ነው። ከዚህ የሚገኘው ዋና ትምህርት ይህ ነው፤ ቀና ዓረፍተ ነገር ማለት ሥርዐቱን ብቻ የጠበቀ ሳይሆን ተናጋሪው ሊናገር የፈለገውን ነገር ሳይቀንስና ሳይለውጥ የሚያደርስ ነው።

ይህ ነገር በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ የሚቀር እንዳይመስል በምሳሌ ይታይ። በሮቤ አጠገብ አንድ ገበሬ ነበረ። እርሱ ማንበብና መጻፍ አያውቅም ነበር፤ ልጁ ግን ተምሮ ነበር። ገበሬው በጎባ በሚኖረው በወንድሙ ዘንድ አንድ በሬና አንዲት የምትታለብ ላም ነበሩት። ሚስቱ በወለደች ጊዜ የአንዲት ላም ወተት እንደማይበቃ ዐሰበና ልጁን ጠርቶ «በሬውን ሰጥቶ በምትኩ ሁለተኛ ላም እንዲያመጣልኝ ለአጎትህ ጻፍለት» አለው። ልጁም ባልንጀሮቹ በደጅ ለጨዋታ ይጠሩት ነበርና ቸኰለ። «በሬውን በላም ለውጥልን» ማለት ሲገባው «ላሟን በበሬ ለውጥልን» ብሎ ጻፈ፤ ደብዳቤውንም ሳያነብ አሽጎ ላከ።

አጎትየው ደብዳቤውን ባየ ጊዜ ተደነቀ፤ ነገር ግን የወንድሙ ቃል ነውና በገበያ ቀን ላሟን ሰጥቶ በሬ አመጣ። በዚያ ክረምት ሁለት በሬዎች በበረት ቆሙ፤ ሕፃኑ ግን ወተት ዐጣ። እናቲቱ ከጐረቤት ወተት እየለመነች አሳደገችው። አባትየው ነገሩን በተረዳ ጊዜ ልጁ ይመታኛል ብሎ በፍርሃት ቆመ። አባቱ ግን አልመታውም፤ «ልጄ፥ ስሕተቱ የኔም ነው፤ የጻፍኸውን መልሰህ አንብብልኝ አላልሁህም» አለው። ይህ ቃል ከዱላ ይልቅ የልጁን ልብ ወጋው። ከዚያ ቀን ወዲህ የጻፈውን ሁሉ ከፍ ባለ ድምፅ መልሶ ሳያነብ አንድ ደብዳቤ እንኳ አላሸገም።

«ላሟን በበሬ ለውጥልን» የሚለውን መምህር ቢያርመው አንዲት ነቀፋ አያገኝበትም። ማሰሪያው ቀና ነው፥ ተሳቢውም ምልክቱን ይዟል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የአባትየው አሳብ። የቸኰለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፥ የተላከ ደብዳቤ ግን አይለቀምም።

በመንግሥታትም መካከል እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል። በ1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት በውጫሌ ውል አደረጉ፤ ውሉም በአማርኛና በኢጣልያንኛ ተጻፈ። ዐሥራ ሰባተኛው ክፍል በአማርኛው የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከሌሎች መንግሥታት ጋራ ለሚኖራቸው ጕዳይ በኢጣልያ መንግሥት አማካይነት መላላክ እንደሚቻላቸው ይናገር ነበር። በኢጣልያንኛው ግን ነገሩ እንደ ግዴታ ሆኖ ተጻፈ። የሚቻል ነገርን የወደደ ያደርገዋል፥ ያልወደደ ይተወዋል፤ ግዴታን ግን መተው አይቻልም። ኢጣልያም በዚህ ቃል ተመርኵዛ ኢትዮጵያ በጥበቃዬ ሥር ናት ብላ ለመንግሥታት አስታወቀች። ምኒልክ ይህን አልተቀበሉም፤ በ1885 ዓ.ም. ውሉ መፍረሱን አስታወቁ። ጠቡም እያደገ ሄዶ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ላይ ጦርነት ሆነ፥ ኢትዮጵያም ድል አደረገች። የጦርነቱ ምክንያት አንድ ቃል ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን በአንድ አንቀጽ መለያየት የአገር ነፃነት ሊያከራክር እንደሚችል ታየ።

እንግዲህ በፈተና ላይ የሚቀመጥ ተማሪ ይህን ሥርዐት ይጠብቅ። አስቀድሞ ትእዛዙን ያንብብ፤ «የተሳሳተውን ምረጥ» የተባለውን «ያልተሳሳተውን ምረጥ» አድርጎ ያነበበ ተማሪ ቢደክም ድካሙ ከንቱ ነው። ቀጥሎም አራቱን ሁሉ ሳያነብ አንዱንም አይምረጥ፤ «ሀ» ደኅና ቢመስለው «መ» ከእርሱ የሚሻል ሊሆን ይችላልና። ጕድለታቸው የታወቀውን ከነምክንያቱ ያስወግድ። ሁለት በቀሩ ጊዜ ሁለቱ የሚለያዩበትን አንዱን ቃል ወይም አንዷን ፊደል ይፈልግ፤ መልሱ ያለው በዚያች ስፍራ ነው። ረጅሙን ስለ ረዘመ፥ ከባድ ቃል ያለበትንም ስለ ከበደ አይምረጥ። የመረጠውን በልቡ መልሶ ያንብበው፤ ምክንያት ሳያገኝም እንዲሁ በፍርሃት አይለውጠው። ወደ ጐረቤቱ ወረቀትም አይመልከት፤ ከሌላ ሰው የተሰረቀ መልስ እውነት ቢሆን እንኳ ምክንያቱ አብሮ አይመጣምና፥ በሚቀጥለው ጥያቄ ላይ ባዶ እጁን ይቀራል።

ይህ ልማድ ከትምህርት ቤት ወጥቶ እስከ እርጅና ይከተላል። መልካም ዳኛ ከሳሹን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም፤ ተከሳሹንም ሰምቶ፥ ምስክሩን መርምሮ፥ የሁለቱን ልዩነት ለይቶ ይፈርዳል። ሐኪምም የበሽተኛውን የመጀመሪያ ቃል ሰምቶ ብቻ መድኀኒት አይሰጥም። ዛሬ በአራት ዓረፍተ ነገሮች ላይ መታገሥ የተማረ ልጅ ነገ በሰው ነገር ላይ መታገሥ አያቅተውም።

በአውድማ ላይ የቆመው ገበሬ ነፋሱ እስኪነሣ ይጠብቃል፤ ከተነሣም በኋላ እህሉን አንድ ጊዜ ብቻ በትኖ አይተወውም፤ ፍሬው ጠርቶ እስኪታይ ድረስ ደጋግሞ ይበትነዋል። በመጨረሻም ጎንበስ ብሎ ከገብሱ በእፍኙ ይዘግናል፥ በዐይኑም ያየዋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ ጎተራው ያስገባዋል።